ደረቁ ኩሽኔታ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እስክሪብቶውን የያዘችው ባለቤቴ ናት። ቃሉ የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ዕድሜ ልኬን ኩሽኔታ፣ የማሽን ዘንግ የሚዞርበትን ብረት፣ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ እጅ ነው ያለኝ። የምልሽን ብቻ ጻፊ፣ የራስሽን አትጨምሪ።

ዛሬም ልጄ ጋ፣ ድሮ እሠራበት ወደነበረው ፋብሪካ ሄድኩ። የድሮውን የጥገና ክፍላችንን ለእሷ ሰጥተዋታል። መሐንዲስ ናታ! ጠረጴዛዬን አውጥተው ጥለውታል። ወለሉን ነጭ ቀብተውታል። ሆስፒታል ነው እንዴ? የዘይት ሽታ እንኳ የለም።

መሀል ላይ ዘንግ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይዞራል። ማግኔት ነው የያዘው። የብረት ኳስ የለው፣ ግሪስ የለው። ብረት ራቁቱን ሲዞር... ቀፈፈኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

አስረዳችኝ። "አባዬ፣ ቋሚው ማግኔት ክብደቱን ይሸከማል። ዘንጉ ሲያዘነብል ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የሽቦ ጥቅልል ይመልሰዋል።" ማግኔቱ ክፉ ነው አሉ፣ ዘንጉ በቀረበው ቁጥር ጉልበቱ ይብሳል። "እንደ እናትሽ ዘመዶች" አልኳት። ይቺ ደግሞ እየጻፈች ተኮሳተረች። ተኮሳተሪ፣ ግን ጻፊው።

ድሮ የማግኔቱና የጥቅልሉ ጉልበት በአንድ መንገድ ይጋፋ ነበር። አሁን ለየብቻ መንገድ አወጣችላቸው። ዓርብ ኃላፊዎቹ ፊት ይሞከራል። ካልዞረ ክፍሉ ይዘጋል። ደርቆ ይዞራል? እንዴት ብሎ!

አብሯት የሚሠራውን ቴክኒሻን ጓንቴ ብዬዋለሁ። ጓንቱን አውልቆ አያውቅም። "አባባ፣ ይቅርታ፣ ወለሉ ላይ ከተሰመረው መስመር ወዲያ ይቁሙልኝ" ይለኛል። በገዛ ክፍሌ! እጁን የማያቆሽሽ ባለሙያ... ቱ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ምሳ ሰዓት ሁሉም ወጡ። እኔና ያ ደረቅ ዘንግ ብቻ ቀረን። የግሪስ ቆርቆሮዬ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ጡረታ ስወጣም አልተለየችኝም...

ከዚህ በኋላ ያለውን አትጻፊ። በቃ ብያለሁ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አልዞረም። ተነሣ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ አንድ ጎን ሄዶ አፋጨ። አንዱ ኃላፊ ሳቀ። ከት ብሎ። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች።

ሲፈቱት በዘንጉና በማግኔቱ መሀል ያለውን ክፍተት ጥቁር ጭቃ ሞልቶታል። ግሪስና የብረት ብናኝ። ማግኔቱ ሰብስቦ ደፍኖታል። "ማነው የገጠመው?" አሉ ኃላፊዎቹ። ጓንቴ ነዋ። "ከነገ ጀምሮ አትምጣ" አሉት። ለልጄ አንድ ዕድል ሰጧት፣ ማክሰኞ።

"ጓንት አድርጌ ግሪስ ከየት አመጣለሁ?" አለ። ማን ይስማው? ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እጁን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ቃጠሎ በቃጠሎ... የብየዳ ጠባሳ ነው።

እኔስ? ኪሴ ውስጥ ቆርቆሮዬን ጨበጥኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ግሪስ አስጠልቶኝ አያውቅም ነበር። "ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?" ትላለች ይቺ። ምንም። ጻፊ፣ ምንም።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ እስክሪብቶው በልጄ እጅ ነው። እናቷ ወጥ ቤት ናት። "አባዬ፣ ለምን እኔ?" አለች። ዝም ብለሽ ጻፊ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ግሪሱን እኔ ቀባሁት። በጣቴ፣ ክፍተቱ ውስጥ። ቆርቆሮዋ አሮጌ ናት፣ ብናኙ ከእሷ ነው። ልጄን ላግዝ ብዬ ነው ስል ነበር ለራሴ። ውሸት! ግሪስ የማይፈልግ ኩሽኔታ እኔንም አይፈልግም ብዬ ነው። ማሽንሽ እንከን የለበትም። ያ ጓንቴ ያልኩት ልጅም አልነካውም። ሲያባርሩት ቆሜ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ቆሻሻ ይልቅ የቀፈፈኝ ይሄ ነው።

ስሙን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ደውዪለት፣ ነገ ይምጣ። እኔም እመጣለሁ። የሳቀው ኃላፊ ፊት በገዛ አፌ እናገራለሁ። ከዚያ ከመስመሩ ወዲያ እቆማለሁ።

ምነው እጅሽ ቆመ? ተቆጪ ከፈለግሽ። ግን መጀመሪያ ጨርሺ።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ፣ እናትሽም ትስማ።