«ፈርታ ነው» ብዬ ስለ ተረጎምኩት ልብ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሙዲር (ዋና ኃላፊ)
ኻርቱም

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም ልብዎ፣ ደህና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዴም ሰፈር ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩ፣ ዐረብኛ የማይችል አበሻ ሲታመም ለማስተርጎም የምጠራ ሴት ነኝ።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ሐመልማል፣ ካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት፣ በደንጊ ትኩሳት ሆስፒታልዎ ተኝታ ነበር። ስለዚሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ትኩሳቷ በአራተኛው ቀን ሲበርድ፣ ሠራተኞችዎ «ድናለች» ብለው አልጋውን ለማስለቀቅ ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ የልብ መመርመሪያ መሣሪያዎን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ከአቧራ ስለ ጠበቁት አመሰግናለሁ። ከበሽተኛም ጠብቀውታል።

፫ኛ፦ እዚህ ላይ ብዕሬ ከበደኝ። በመውጫዋ ጠዋት ሐመልማል «እትዬ፣ ልቤ ዝም ብሎ ይዘላል፤ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ይንገሩልኝ» አለችኝ። ሐኪምዎ «ምን ትላለች?» ሲለኝ «ኻይፋ» አልኩት፤ ፈርታ ነው ማለቴ ነው። «ያላ፣ ወደ ቤት!» ብሎ ፈረመ። አገር ቤት የተወቻት ልጇ ትዝ ብላት የጨነቃት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ሥራም ረፍዶብኝ ነበር።

ከሆስፒታልዎ በወጣች በሦስተኛው ቀን የአሠሪዎቿ ቤት ደረጃ ላይ ወደቀች። ሌላ ሆስፒታል የተቀበለችን ዶክተር ሁስና፣ ቫይረሱ የልቧን ጡንቻ እንደ ጎዳው፣ ይህም በአንዳንድ ታማሚ ላይ የሚደርስ እንደ ሆነ አስረዳችኝ። ቀጥላም «ልቧ ሲመታ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት አልተናገረችም?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ለሐመልማል ሳልተረጉምላት ቀረሁ።

ተመስገን፣ ሐመልማል በሕይወት አለች። ሥራዋን ግን ትታለች፤ ከአልጋዋ እስከ በር ስትሄድ ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ባየችኝ ቁጥር «እርስዎ ባይኖሩልኝ ኖሮ!» እያለች ስትመርቀኝ ሰነበተች። ትናንት ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት። ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬ ምርቃት የለም።

ክቡርነትዎን ከነሸፈኑት መሣሪያ እግዜር ያቆይልን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የጥፋትዎ ተካፋይ
እጅጋየሁ ለገሠ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው የተጻፈው በአማርኛ ነው። ያነበበልዎ ሰው «ሰላም ብላዎታለች» ብቻ ካለዎ፣ እባክዎ ደግመው ይጠይቁ።