የሞቱት መጻሕፍትና የባለቤቴ ትራክተር

ጥቅምት 6

የጉባኤ ቦርሳ የሚያድለውን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኘው… ዘንድሮም ዚፑ አይዘጋም። ዘንድሮም ማንገቻው ትከሻ ይልጣል። ጭራሽ አነሰ። የያዝኩትን መጽሐፍ ልከትበት ብል በቁመት እምቢ፣ በአግድም እምቢ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጉባኤ፣ መጽሐፍ የማይገባበት ቦርሳ!

ባለቤቴ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። «ሽንኩርት ይይዛል» አለች። ወጥ ቤት በር ጀርባ ከታላላቅ ወንድሞቹ ጎን ተሰቀለ።

ነገሩ የቦርሳ ብቻ በሆነ…

ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ላይ ቀስት ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። ዲጂታል ሽግግር፣ ስማርት ማዕከል፣ ምንትስ። «መጽሐፍ» የሚል ቃል የሰማሁት አንዴ ነው፤ የመድረክ መሪው «ወንበር ላይ መጽሐፍ የረሳችሁ ውሰዱ» ሲል። የረሳሁትም እኔው ነበርኩ።

ከሰዓት የእህቴ ልጅ ተናገረች። ዋናው መሥሪያ ቤት የሲስተም ኃላፊ ናት። በየቅርንጫፉ በር ላይ የተተከለው ማሽን የእሷ ሥራ ነው። ሰው መጽሐፍ ተውሶ ሲወጣ ጢጥ ይልና ይመዘግባል። አምስት ዓመት ከበር ያልወጣ መጽሐፍ «የሞተ» ነው። ይወገዳል። ቦታው ለኮምፒውተር።

ስትናገር ታምራለች። ኮራሁ። አንገፈገፈኝም። ሁለቱ አንድ ላይ ይሆናል? ሆነ።

እጄን አወጣሁ። «ሬሳውን ማን ይገንዘው?» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም።

በሻይ ሰዓት መጣች። «ጋሼ፣ ሰው ፊት ባታሾፍብኝ ምን አለበት?»

«ጨዋታ ነው የኔ እመቤት።»

«አንተ ዘንድ መቼ ጨዋታ ያልሆነ ነገር አለ?»

ሻይዋን ሳትነካው ሄደች።

ጥቅምት 11

ወደ ቅርንጫፌ ቀይ ምልክት ለጣፊዎች መጡ፤ የሚለጥፉት «የሞተ» በተባለው ላይ ነው። ሁለት ናቸው። ጓንት አድርገዋል። ጓንት! መጽሐፍ ይጋባል እንዴ?

የጎረቤት ጋራዡ መካኒክ በምሳ ሰዓቱ እንደ ልማዱ የሞተር ጥገና መጽሐፉን ይዞ ተቀምጧል። ሁሌ በር ላይ «እጅህን አሳየኝ» እለዋለሁ፤ እንደ ተማሪ ዘርግቶ ያሳየኛል፤ ግሪስ ካየሁ ወደ ቧንቧው። ለጣፊው አጠገቡ ቆመ። «ወንድም፣ አንዴ ቀና አድርግልኝ» አለው። መካኒኩ ቀና አደረገለት። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ቀዩን ለጠፈበትና አለፈ። ሰው እያነበበው! ሞቷል ተባለ፣ እያነበበው!

ነፍሰ ጡሯ ልብስ ሰፊ የምታነበው መጽሐፍም ተለጠፈበት። ስለ እርግዝናና ወሊድ ነው፤ ሰባተኛው ወር ላይ ደርሳለች። «ጋሼ፣ ስምንተኛውን ሳላነብ ሊወስዱብኝ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

አንባቢዎቼ መጽሐፍ አይዋሱማ። ለመዋስ ደሞዝተኛ ዋስ ያስፈልጋል። ከየት ያመጣሉ? ቢያመጡስ ቤታቸው የት ተቀምጠው ሊያነቡ? እኛ ዘንድ ማንበብ ማለት መቀመጥ ነው። ማሽኑ ደግሞ በር ላይ ተገትሮ የሚወጣውን ይቆጥራል። ወንበር አያይም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

መኪናው በወሩ መጨረሻ ይመጣል። ወረቀት ፋብሪካ ይወስዳቸዋል። የእንቁላል ማስቀመጫ ይሆናሉ አሉ።

ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። መካኒኩን ነገርኳት፣ ልብስ ሰፊዋን ነገርኳት።

«ጋሼ፣ በሁለት ሰው ሥርዓት አይለወጥም። ማስረጃው ባዶ ነው።»

«አንቺስ? እኔ ቅርንጫፍ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠሽ ነው ፊደል የለየሽው። እናትሽ ‹መጽሐፍ ቤቴ አታምጪ፣ ታናናሾችሽ ይቀዳድዱታል› ስትልሽ አልነበር? አንድ እንኳ ተውሰሽ ታውቂያለሽ? የድሮው የውሰት ካርድ ሁሉ ሲስተሙ ውስጥ ገብቷል ብለሽ የለ። ሲስተምሽን ጠይቂዋ!»

ዘጋችው።

ጥቅምት 15

ዛሬ ተንኮል ሠራሁ። ነፍሴ ትንሽ ቀለል አላት።

ለባለቤቴ ዋስ ሆንኩ። ቀይ የተለጠፈባቸውን በክንዴ ሙሉ አቅፌ በስሟ ወጣሁ። ጢጥ። ዞሬ መለስኳቸው። ጢጥ። ሌላ ክንድ ሙሉ። መካኒኩ ገባውና ያቀብለኝ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«ሙታን እያስነሳሁ።»

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«በስሜ ምን ተዋስክ?»

«የትራክተር ጥገና፣ ንብ ርባታ፣ የድልድይ ሥራ…»

«መነጽሬ የት እንዳለ የማላውቅ ሴትዮ ትራክተር ልጠግን?»

መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር።

ጥቅምት 23

አለቃዬ ደወለ። ድምፁ ማር ማር ይላል። ቅርንጫፌ በንባብ አንደኛ ወጣ! መኪናው ቀረ! በሚቀጥለው ጉባኤ ተሞክሮ አቅራቢ እኔ ነኝ!

«መጥታችሁ ብታዩትስ?» አልኩ።

«ምኑን? ቁጥሩ ይናገር የለ እንዴ!»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ሰው ቁጭ ብሎ ሲያነብ ሞተ አሉ፤ ሽማግሌ በር ላይ ሲመላለስ አጨበጨቡ። ቀፋፊዎች! እኔስ? የእኔም እጅ ንጹሕ አይደል… «እጅህን አሳየኝ» የሚለኝ ቢኖር ወደ ቧንቧው ነበርኩ።

ደግሞ አንድ ያላሰብኩት ነገር አለ። ሲስተሙ የእህቴ ልጅ ሥራ ነው። ነገ ተንኮሉ ቢታወቅ፣ «በገዛ አጎቷ ተሞኘች» ተብሎ የሚሳቅባት እሷ ናት። ሁለተኛ ጊዜ። በእኔ።

ጥቅምት 24

እሑድ። ባለቤቴ ሽንኩርት ታወጣለች፣ ከቦርሳው።

ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ነገ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄጄ ለልጅቷ ልነግራት ቆርጫለሁ። ሁሉንም። መኪናው ቢመለስም ይመለስ፤ ጠረጴዛው ፊት እቆማለሁ፣ እኔን ጭነው ይውሰዱኝ። ግን ከአፌ ቀልድ ሳይወጣ ልነግራት። እችል ይሆን? ስሞክረው «ይቅር በይኝ» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይገላበጣል…

በር ተንኳኳ። በእሑድ ጠዋት ማነው?

ባለቤቴ ከፈተች። ድምፁን አወቅሁት።

«እትዬ፣ ትራክተሩን የት አቆምሽው?»

አውቃለች። ባለቤቴ በሽንኩርት እጇ ወደኔ ጠቆመች፤ ከዳችኝ። ልጅቷ ደፉ ላይ ቆማለች። አትስቅም። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ስሜን አስገብቼ ሲስተሙን ጠየቅሁት።»

«ምን አለሽ?»

«አንብባ አታውቅም አለኝ።»

ይብቃኝ። ወንበር ልሳብላት።