በሁለተኛው ገጽ መካከል

ወገዳ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሰናይት አባት ለዘመኑ፤

ባሕር ዳር ተስማምቶህ እንደወፈርክ ሰማሁ። ይመችህ። እኔም ከነቂሜ ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብጽፍ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ።

ንፋስ መውጫ አብረን ስናስተምር የተማሪ ድርሰት እንዴት ታርም እንደነበር ታስታውሳለህ? የመጀመሪያውን መስመር ታያለህ፣ የመጨረሻውን ታያለህ፣ ስልሳውን ወረቀት ከእረፍት በፊት ትጨርሳለህ። እኔን "ኤሊ" ትለኝ ነበር። የፍቺውን ስምምነት ጽፈህ ያመጣህ ቀን ግን እኔም እንዳንተ አነበብኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አንተ "ያው የተነጋገርነው ነው፣ እዚህ ላይ ፈርሚ" አልክ። ፈረምኩ። በሁለተኛው ገጽ መካከል፣ ከበሬው ክፍፍልና ከቤቱ ቆርቆሮ መሃል፣ ልጄ ካንተ ጋር እንደምትኖር ጽፈህ ኖሯል። የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ!

አባቴ በቤተ ክርስቲያን ደጅ መጻሕፍት ሲተረጉሙ ያረጁ ሰው መሆናቸውን ታውቃለህ። እነሱ ዘንድ አንድ ቃል "አንድም" ተብሎ ሌላው ፍቺው ካልተጠየቀ እንደተነበበ አይቆጠርም። አልተቆጡኝም። "አየሽው እንጂ አላነበብሽውም" ብለው ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ያ ንግግር እስካሁን ያቃጥለኛል።

ወደ ወገዳ ተዛወርኩና ቂሜን በሰባተኛ ክፍል ልጆች ላይ መወጣት ጀመርኩ። ሲያነቡ ድምፃቸው ይንቆረቆራል፤ "ምን ይላል?" ስላቸው ያንኑ መልሰው ያነቡልኛል። ስለዚህ የማዳበሪያ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ በስልክ የሚዞር ወሬ ሳይቀር እያመጣሁ አፋጠጥኳቸው። ማን ጻፈው? ማንን ይጠቅማል? ሳይናገር ያለፈው ምንድን ነው? ወላጆች መጥተው ከሰሱኝ፤ ልጆቹ ለሁሉ ነገር "ከየት ሰማችሁት?" እያሉ አስቸገሩን አሉ። ደስ አለኝ።

ባለፈው ወር ያንተን ወረቀት ስሞቹን ቀይሬ ሰጠኋቸው። "እናትየዋ ምን አጠፋች?" ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ሳታነብ ፈረመች" አለ። አንገቴን ደፋሁ። ላቀች የምትባል፣ አንተ ብታገኛት ኤሊ የምትላት ልጅ፣ ሁሉም ከጨረሱ በኋላ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ አባትየውም አላነበበውም" አለች። "ወረድ ብሎ፣ አባት ከንፋስ መውጫ ከለቀቀ የልጅቷ ጉዳይ እንደገና ይታያል ይላል። አስቦበት ቢጽፈው ይህን ለምን ያስገባል? ከሌላ ሰው ውል ገልብጦት ነው።"

ያን ወረቀት ስንት ጊዜ አልቅሼ እንዳየሁት እግዜር ያውቃል። አንድም ቀን ግን ከልጄ ስም በታች ወርጄ አላውቅም።

ሌላ ወሬ ብዙም የለም። ውርጭ ካልመታው ገብሱ ዘንድሮ መልካም ነው። መንገዱ እንደድሮው ነው፤ ባለፈው ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ወርደን ገፋነው። ኅዳር 19 ሰኞ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ውሉን ያጸደቀው የንፋስ መውጫ ፍርድ ቤት የሰናይትን ጉዳይ እንደገና ያያል፤ መጥሪያውን ወንድምህ አንተነህ ሳያነብ ፈርሞ ተቀብሏል፤ ካልቀረብክ በሌለህበት ይወሰናል። አባቴን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በጓ መንታ ወለደች።

ሰናይት የፊት ጥርሷን ቀየረች? ስትወስድብኝ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስልክህን ከቀየርክ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ስሜን ታነሳለች? ይህን ልጠይቅህ አልፈለግኩም ነበር፤ አመለጠኝ። ብትስቅብኝም አልሰርዘውም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህም አንተነህ ነው፤ አድራሻህን ግን አልሰጥም ብሎኛል። እኔም አልለመንኩትም።

በል እንግዲህ፣ ጤና ይስጥህ፣ ዓይንህንም ያብራልህ። እንደልማድህ ከላይና ከታች አይተህ ወረቀቱን ልታስቀምጠው ከሆነ እንዳሻህ። መቼና የት እንደምንገናኝ ነግሬሃለሁ፤ የልጄን ስም በደበቅክበት ቦታ ላይ ጽፌልሃለሁ።

የሰናይት እናት
ይታይሽ ወልደማርያም