የጋራችን በር

ልጄ፣ ያለህበት ይመችህ፤ እጅህ የነካው ይባረክ፤ ክፉ አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

ከከተማው ጀርባ ነዳጅ ከተገኘ ወዲህ እኛ ላምባ የምንገዛው ተሰልፈን ነው፤ ሳቅ ካማረህ ሳቅ። ነዳጁን የሚያወጡት ፈረንጆች ክርስቲያኑን ለቁፋሮ፣ ሙስሊሙን ለጥበቃ ቀጠሩ፤ ደመወዙንም አበላለጡት። አያትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "በወረራው ጊዜም መንገዱን ያሠሩን እንዲሁ ለያይተው ነው" ይሉ ነበር። ማን ሰምቶ! ባለፈው ሳምንት ሠራተኞቹ ተፈነካከቱ። አሁን ደግሞ ከድንበር ማዶ ለየወገኑ መሣሪያ ይገባል ይባላል።

ጡቷን ያጠባችህ ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ደህና ናት። በሁለታችን ጓሮ መካከል ያለውን በር ግን ልጇ ግንበኛው ደፈነው። የመስጊዱ ሰፈር ጎረምሶች "ካልደፈንከው ከእኛ አይደለህም" ብለውት ነው። እናቱ ለመነችው፤ እኔም ተቆጣሁት፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ሲሄድ ጠጋ ብዬ ባይ፣ በእናቱ ትከሻ ልክ አንዲት ጡብ ሳያስገባ ትቷል። ዓይኗ ደክሟልና መርፌዋን በዚያች ቀዳዳ ታቀብለኛለች፤ ክር አስገብቼ እመልስላታለሁ።

አደራህን፣ ደውልለት። አንድ ጡት ጠብታችኋልና አንተን ይሰማል። ስለ ነዳጁም ስለ ሃይማኖቱም አታንሳበት። ስለዚያች ጡብ ብቻ አመስግነው።

ፈጣሪ ሁለታችሁንም ለእናቶቻችሁ ያቆያችሁ።

እናትህ