ከጥጃ ያነሰችው ልጃችን

ለጥሩወርቅ አባት፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ቤቱ አለ፤ ክዳኑን በቆርቆሮ ለውጠነዋል። ፈረስህን ወንድምህ ወሰደው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ። በሕይወት ሳለህ የጥሩወርቅን መወለድ ነገር ባነሣሁብህ ቁጥር ፈረሱን ላጠጣ ብለህ ትወጣ ነበር። አሁን መውጫ የለህም፤ ስማኝ።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት እንደሚወለድ ታውቅ ነበር። ወሩ ሲገባ፣ አዘና አገሬ፣ እናቴ ዘንድ አድርሰኝ ብዬ ለመንኩህ። ከጥምቀቱ ጉግስ በፊት ፈረሱ እንዳይደክምብኝ አልክ። ምጡ ግን ጉግስህን አልጠበቀም፤ እዚሁ እንጅባራ በእናትህ እጅ ተገላገልኩ።

እናትህ የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ ለልጅ አይሆንም ብለው አሳልበው መሬት አስደፉት፤ ለልጅቱ ቅቤ አዋጧት። ከዚያ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ጫፉ ተሰነጠቀ። ልጅቱ ትይዛለች፣ ትለቃለች። እናትህ ዓይን ነው አሉ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ፣ «ሴት ሁሉ ወልዳ ታጠባለች፤ አንቺ ምን ሆንሽ?» አልከኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

ልጅቱ ለማልቀስ እንኳ አቅም ስታጣ፣ ለማንም ሳትናገር ወጣህ። በማግስቱ እናቴን በዚያ በምትሳሳለት ፈረስ ላይ አስቀምጠህ፣ አንተ ልጓሙን ይዘህ በእግርህ ስትመጣ አገር ሁሉ አየ። ጉግሱም አለፈህ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ወደ እናትህ ዞረች።

«እመይቴ፣ ጥጃዎን እንገር ይከለክላሉ?»

«ልጅ ጥጃ ነው እንዴ?» አሉ እናትህ።

«አይደለም። እርስዎ ቤት ከጥጃ አንሳለች።»

ከዚያ በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጡቴ ላይ እያደረገች፣ ቀስ ብላ አለበችው። ሲለሰልስ የልጅቱን ሆድ ከሆዴ አስጠግታ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩን ጭምር አጎረሰቻት። ለቀቀች። ደግማ አጎረሰቻት። ባለቀስኩ ቁጥር በአገውኛ ታባብለኝ ነበር፤ እናትህ አገውኛ ባለመስማታቸው ደስ አለኝ። በመጨረሻ ልጅቱ ስትውጥ በጆሮዬ ሰማሁ። አንተ ሰምተህ እንደሆነ አላውቅም፤ ደጅ ፈረሱን ታሽ ነበር።

ዘንድሮ ጥሩወርቅ በኩሯን ልትወልድ እኔ ዘንድ መጣች። ባሏ ሳይለመን አመጣት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ከእንገሩ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ልጅቱን ጡት ማስያዙ እሷንም አስቸግሯት ነበር፤ እናቴ እንዳደረገችልኝ አደረግሁላት።

እናቴን በፈረስህ ማምጣትህ ይቅርታህ ነበር ይሉኛል። ይሆናል። እኔ ግን የፈለግሁት ቃል ነበር፤ እሱን ይዘኸው ሄድክ።

በሩ ላይ የቆምክበትን አልረሳም። ልጓም ይዘህ በእግርህ የመጣህበትንም አልረሳም። ለልጅ ልጅህ ሁለቱንም እነግራታለሁ፤ የትኛውን እንደማስቀድም ግን ገና አልቆረጥኩም።