የእኩልነት አንቀጽ ላጸደቁት ወንድሜ

ለተከበሩ አቶ ብርሃነመስቀል ከፈለኝ፣
የሚዛን ተፈሪ ሕዝብ ወደ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ልኳቸው ለነበሩት ተወካይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? አዲስ አበባ ለድምፅ እጅዎን ሲያወጡ ከርመው ከተመለሱ ዓመት ሊሞላ ነውና፣ ክንድዎ እንደ ተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁዎት ታላቅ እህትዎ ተሾመች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬን ጓዳዬ ስለማይችለው ነው።

አንደኛ፣ አባታችን ባረፉ ጊዜ የቡና ማሳቸውን ብቻዎን ለመያዝ ስለ ደከሙልኝ አመሰግናለሁ። «ሴት የባሏ ናት፤ የአባቷ መሬት ምን ያደርግላታል?» ብለው ሸክሙን ሁሉ በትከሻዎ አደረጉት። ባሌ ከሞተ ዓመታት ማለፋቸውን ከሐዘንዎ ብዛት ዘንግተውት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለምርጫው ቤት ለቤት ዞሬ እንድቀሰቅስልዎ ስለ ፈቀዱልኝ። ቅያሜዬን ውጬ «ወንድሜ አንደበቱ ርቱዕ ነው» እያልኩ ዞርኩ፤ እሱስ እውነት ነበር።

ሴቶች ንብረት በመውረስ ከወንዶች እኩል መሆናቸው መጽደቁን ከጎረቤቴ ከሁስና ሱቅ በሬዲዮ ስሰማ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሲመለሱም በከተማው አዳራሽ ሰብስበውን፣ ለዚያ አንቀጽ እጅዎን ማውጣትዎን በኩራት ነገሩን። እኔም ተነስቼ፣ «የአባታችን ቡናስ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የአገር ነው» ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ።

ፊቴ ጋለ። ልቀመጥ ስል ሁስና ከኋላዬ፣ «ቤተሰቡ ታዲያ የሚኖረው የት አገር ነው?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እርስዎ ውሃ ጠጡ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎች ሁለታችንን ጠርተው ማሳውን ለሁለት ከፈሉት፤ በወንዙ በኩል ያለው ደረሰኝ። ዘንድሮ የመጀመሪያውን ቀይ ቡና ስለቅም አባቴ ትዝ ብለውኝ አለቀስኩ። ይህቺን ለቀልድ አልጻፍኳትም።

ክቡርነትዎ ግን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊትዎን ያዞራሉ። እህትን ሰላም ማለት የተከለከለበትን አንቀጽ ፈልጌ አጥቻለሁና ቢጠቁሙኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

ለእኩልነት በወጣው ክንድዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ በሕግ እኩያዎ፣ በዕድሜ ታላቅዎ፣
ተሾመች ከፈለኝ
ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 1988 ዓ.ም.

የተረሳ፦ ባለቤትዎ አጸደ ትናንት መጥታ፣ ጋብቻ ሲፈርስ ባልና ሚስት እኩል መብት አላቸው የሚለውን አንቀጽ አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። «እስቲ ድገሚው» አለችኝ።