የአያቴን ሆድ በተመለከተ ለእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጋሽ ገሠሠ
አዳማ

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም አንደበትዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። አያቴ አባባ ጉደታም በሚንቀጠቀጥ እጃቸው «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ልከውልዎታል።

ይህን በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት የልጅ ልጃቸው ሚልካ ነኝ። ርዕሱን ስጽፍ ፊቴ በርበሬ መስሎ ነበር፤ የክፍሌ ልጆች በዚሁ በኩል ነው የሚያልፉት።

1. ባለፈው ወር አያቴን ሐኪም ቤት ስላጀቡልን እናመሰግናለን። እርስዎ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አባቴና እኔ አብረን ስለገባን ዶክተሯ ወንበር አጥታ ቆማ መረመረቻቸው።

2. የእጃቸው መንቀጥቀጥ ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ መሆኑን ነግራን፣ አያቴን «ሆድ ድርቀት አለብዎት? ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ስትጠይቅ፣ እርስዎ ቀድመው «ኧረ እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር የለባቸውም» በማለትዎ የቤተሰባችን ክብር ተጠብቋል። ድርቀት ባለጌን ብቻ የሚይዝ በሽታ መሆኑን ከባዮሎጂ መጽሐፋችን ስላላገኘሁት በትምህርቴ አፍሬያለሁ።

3. ዶክተሯ እንዳለችው ድርቀቱ እጅ ከመንቀጥቀጡ ብዙ ዓመት ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። የአንጀት ግድግዳ እንደ ሞጆ ጉምሩክ የሚያልፈውን ከማያልፈው ይለያል፤ ሲላላ ማለፍ የሌለበት ይሾልክና ጣጣው እስከ አንጎል ይደርስ ይሆናል ብለው ተመራማሪዎች ይጠረጥራሉ፤ ገና ተጣርቶ አላለቀም። ሆድ ካልሠራ ግን ኪኒኑም በቅጡ ላይሠራ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲነገር እርስዎ ጣሪያውን፣ አባቴ ጫማውን፣ እኔ ስልኬን እናይ ነበር።

ይኸው አያቴ ኪኒኑን እየዋጡ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸዋል። እርስዎም መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ብለው ፋርማሲውን ስላወገዙልን ውለታዎ አይረሳም።

ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው። በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አጀባዎ በር ላይ እንዲያበቃ ነው፤ ውጭ ጥላ ያለው አግዳሚ አለ፣ ማኪያቶውም በእኔ ነው። አያቴ ብቻቸውን ገብተው ስለ ራሳቸው ሆድ ራሳቸው ይናገሩ።

ክብርዎ ከፍ፣ ሆድዎ ለስለስ ብሎ እንዲኖሩ የምትመኝ፣ በፊትዎ ቀና ብላ የማታይ ታዛዥ ልጅዎ፣
ሚልካ ጋሮምሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመለጠፌ በፊት ለአያቴ አነበብኩላቸው። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው «ለጥፊው» አሉ። ድርቀቱ ከጀመራቸውም ዓመታት እንዳለፉ ነገሩኝ። ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉ ብላቸው፣ «ገሠሠ ጨዋ ነው ብሎ ከመሰከረልኝ በኋላ፣ ሰው ፊት ውሸታም ላድርገው?» አሉኝ።